የአሮጌ ቤት ጣሪያ በባለሙያ ሲመረመር ምን ምን መታየት አለበት?

አሮጌው_ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜው ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ቤት ጣሪያ በባለሙያ ላስመረምር ነው፤ ከመዋዋሌ በፊት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ። ዋናው ቤት በእንጨት ወራጅ (ከአናት ወደ ጠርዝ የሚወርደው) እና ማገር (በወራጁ ላይ አግድም የሚመታው) ላይ የተመታ ሞገድ ቆርቆሮ ነው፣ 110 ካሬ ሜትር ገደማ። በኋላ የተቀጠለው ክፍል ደግሞ 30 ካሬ ሜትር የሚሆን ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ) ሲሆን ዙሪያውን ፓራፔት (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ የወጣ አጭር ግድግዳ) አለው። የዋናው ቤት ኮርኒስ ችፑድ ነው፣ አንድ ሰው የሚያሾልክ መግቢያ አለው።

ኮርኒሱ ላይ ሁለት ቦታ ቡናማ ምልክት ወጥቷል። አንዱ ሳሎኑ መካከል፣ ሌላው ቆርቆሮውና ሶሌታው ከሚገናኙበት ግድግዳ አጠገብ። አንድ ሠራተኛ ከመሬት ቀና ብሎ አይቶ «ሙሉውን ይቀየር» አለ። ሌላው «ሬንጅ ይቀባና ያልፋል» አለ። ሁለቱም ጣሪያው ላይ አልወጡም።

እውነተኛ ምርመራ ምን ምን ይጨምራል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? በደረቅ ቀን ይሻላል ወይስ ዝናብ ሲዘንብ? መጨረሻ ላይስ ምን ዓይነት ወረቀት ነው የምቀበለው?

———

ካቻቢቴ፦

ሰላም። ሁለቱም ዋጋ ሊነግሩዎት እንጂ ሊመረምሩልዎት አልመጡም፤ ስለዚህ የሁለቱንም ይርሱት። የእርስዎን የሚያህል ቤት ከውስጥም ከላይም በደንብ ለማየት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። በ20 ደቂቃ የጨረሰ ሰው ኮርኒስ ውስጥ አልገባም ማለት ነው፤ የአሮጌ ቤት ጣሪያ ጉዳይ ደግሞ ብዙው ከላይ አይታይም። ቆርቆሮ በአንድ ቀን ይነቀላል፣ በአንድ ቀን ይመታል። «ይጠገን ወይስ ይቀየር» የሚለውን የሚወስነው ከሥሩ ያለው እንጨት ነው።

በቅደም ተከተል ልንገርዎት።

መጀመሪያ ከታች። መርማሪው ኮርኒሱ ላይ ያለውን ምልክት ከሁለት ግድግዳ በሜትር ለክቶ ይመዝግብ። ለምሳሌ ከበሩ ግድግዳ 2.40፣ ከመስኮቱ ግድግዳ 1.80። ይህ ልኬት ከሌለ ኮርኒስ ውስጥ ሲገባ ቦታው ይጠፋበታል። ቀለበት የሠራ ምልክት፣ ማለትም አንዱ ቡናማ ክብ በሌላው ውስጥ ያለበት፣ ውሃው ደጋግሞ እየመጣ እየደረቀ እንደሆነ ይናገራል። አንድ ወጥ ምልክት ከሆነ ምናልባት አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተጠግኖም ሊሆን ይችላል። በእርጥበት መለኪያ ሲነካ ወዲያው ይለያል።

ቀጥሎ ኮርኒስ ውስጥ፣ በቀን። ከመግባቱ በፊት የኮርኒሱ መብራት መስመር ከቆጣሪው ይጥፋ። አሮጌ ቤት ውስጥ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ሽቦ እርጥብ እንጨት ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ ሽቦው ቆርቆሮውን ከነካ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ጎበዝ መርማሪ መሰላል ከማስደገፉ በፊት አሸንዳውንና ቆርቆሮውን በቴስተር ይነካል፤ ይህን ሲያደርግ ካዩት ጥሩ ምልክት ነው።

ውስጥ ሲገባ የእጅ ባትሪውን አጥፍቶ 5 ደቂቃ ይቀመጥ። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ የምስማር ቀዳዳዎችና በዝገት የተበሳው ቦታ ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራሉ። እያንዳንዱን በጠመኔ ያክብበው፣ ይቁጠረው። ቀጥሎ ባትሪውን አብርቶ ከምልክቱ ትክክል በላይ ሳይሆን ከምልክቱ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ ይፈልግ። ውሃ በገባበት አይንጠባጠብም። በማገሩ ወይም በወራጁ ጎን እየተንሸራተተ ወርዶ ምስማር ወይም መጋጠሚያ ሲያገኝ ይወድቃል፤ ቀዳዳው ከምልክቱ 1 ሜትርም 3 ሜትርም ወደ ላይ ሊርቅ ይችላል።

እንጨቱ በካቻቢቴ ይወጋል። ጤነኛ እንጨት ጫፉን አያስገባም፣ ሲፈነቀልም ረጅም ስንጥር ይሰጣል። የበሰበሰው እንደ ቡሽ ይሰምጣል፣ ሲፈነቀል አጭር አጭር ሆኖ ይሰበራል። ምስጥ የበላው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ባዶ ስለሚሆን በመዶሻ እጀታ ሲመታ የከበሮ ድምፅ አለው። ሁልጊዜ መወጋት ያለባቸው ቦታዎች፦ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ጫፍ፣ በግድግዳው አናት የተጋደመው እንጨት፣ ከጭስ ማውጫ ዙሪያ፣ ሁለት ጣሪያ ከሚገናኝበት ሸለቆ ሥር። የወራጁ መሃል ደህና ነው ብሎ የሚወጣ መርማሪ ደህና የሆነውን ክፍል ብቻ አይቷል፤ መበስበስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጫፍ ነው።

የእርጥበት መለኪያ ንባብ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ እንጨቱ ለመበስበስ የተጋለጠ ነው። ነገር ግን መለኪያው እርጥብ ምስማር ከነካ ወይም እንጨቱ ፀረ ምስጥ ጨው የተነከረ ከሆነ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ስለዚህ መርማሪው መጀመሪያ ደረቅ እንደሆነ የሚያውቀውን ቦታ ለክቶ ያንን እንደ መነሻ ይያዝ።

መጉበጥንም ይለካ። ወራጁ ሁለት ጫፍ ላይ እኩል ውፍረት ያላቸው ቁራጭ እንጨቶች አድርጎ ሲባጎ ይወጥራል፣ መሃሉ ላይ ያለው ክፍተት ከቁራጩ ውፍረት ምን ያህል እንደበለጠ ያያል። 4 ሜትር ወራጅ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከርዝመቱ 200ኛ እጅ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጉዳዩ የጣሪያ ሠራተኛ ሳይሆን የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። እግረ መንገዱንም የተቆረጠ ሰያፍ እንጨት መኖሩን ይይ። የኮርኒስ መግቢያ ለመክፈት ወይም የውሃ ታንከር ለማስቀመጥ ተብሎ የትራሱ (ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ) እግር መቆረጡ የተለመደ ጥፋት ነው። 1000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው፤ ቆርቆሮ እንዲሸከም የተሠራ እንጨት ይህን አልተዘጋጀለትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ስለዚያ ሌላ ሰው ካልጨመረበት ማታ እመለሳለሁ።

———

ማገርና_ወራጅ፦

ካቻቢቴ የውስጡን ጨርሶታል፣ የላዩን እኔ ልቀጥል።

የመሰላሉ እግር ለ4 ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከግድግዳው ይራቅ፣ አናቱ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ 1 ሜትር ይትረፍ። አሸንዳ ላይ አይደገፍም። ቆርቆሮ ላይ የሚረገጠው የምስማሩን ረድፍ ተከትሎ ነው፣ ምክንያቱም ማገሩ ያለው እዚያ ሥር ነው። ብርሃን እንዲያስገባ የተመታ ፕላስቲክ ካለ በፍጹም አይረገጥም፤ ፀሐይ ስላደረቀው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ምስማሩን ለማየት ረጅም ጊዜ ይሰጥ፣ የአሮጌ ቆርቆሮ ዋናው መፍሰሻ እሱ ነው። 6 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለዋወጣል። ይህ በየቀኑ ለ40 ዓመት ሲደጋገም ምስማሩን እያወዛወዘ ይነቅለዋል፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ሞላላ ያደርገዋል፣ ሥሩ ያለውን ጎማ ደግሞ ፀሐይ ያደርቀዋል። መርማሪው በየረድፉ የተነሣውን፣ ጎማው የጠፋውንና የዛገውን ለይቶ መቁጠር አለበት። «ምስማሮቹ ላልተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ዋጋ የለውም፤ «ከ640 ውስጥ 210 ተነሥተዋል፣ አብዛኛው በስተምዕራብ ጠርዝ» የሚል ነው የሚጠቅመው።

የተነሣን ምስማር በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት የብዙ ሠራተኛ ልማድ ነው፣ ግን በሚቀጥለው በጋ ተመልሶ ይነሣል። እንጨቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሰፍቷል። አውልቆ በወፈረና በረዘመ ጎማ ባለው ብሎን መተካት ነው፤ ጎማው በትንሹ ወጣ እስኪል ብቻ ይጥበቅ። ተጨፍልቆ ዙሪያውን ከተሰነጠቀ ከመጀመሪያው ቀን ያፈስሳል።

ምስማሩ የተመታው በሞገዱ ጀርባ (ከፍ ያለው) ነው ወይስ በሆዱ (ዝቅ ያለው)? ይህንንም ያይ። ውሃ የሚሄደው በሆዱ ነው፤ እዚያ የተመታ ምስማር ጎማው ባለቀ ማግሥት ያስገባል።

ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የሚደራረብበት፦ ቁልቁለቱ ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ጣሪያ ላይ ላይኛው የታችኛውን ቢያንስ በ15 ሳንቲ ሜትር መሸፈን አለበት። ቁልቁለቱ ከዚያ ሲያንስ ከ22 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ዲግሪ መለኪያ ባይኖር 1 ሜትር ውሃ ልክ አግድም ይዞ ጫፉ ላይ ወደ ታች መለካት ነው፤ 27 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 15 ዲግሪ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሞገድ። ዝገት ከፊት ለፊት ከሚታየው ይልቅ በዚህ መደራረቢያ ውስጥ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሁለት ብረት መካከል የገባ ውሃ ነፋስ አያገኝምና ሳይደርቅ ይውላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ብሎን ፈትቶ ገለጥ አድርጎ ካላየ ስለ ዝገቱ የሚነግርዎት ነገር ግምት ነው።

ዝገቱም ደረጃ አለው። ነጭ ዱቄት ከሆነ ዚንኩ እየተበላ ነው ግን አለ። ቀይ ሆኖ በካቻቢቴ ሲወጋ የሚመክት ከሆነ ተቦርሾ፣ ዚንክ ያለው መነሻ ቀለም ተቀብቶ፣ ከላይ ቀለም ደርቦ ዕድሜ ይሰጠዋል። እንደ ቅርፊት የሚላጥ ወይም የሚበሳ ከሆነ ቀለምም ሬንጅም አያድነውም። ሬንጅ በዛገ ቆርቆሮ ላይ ሲቀባ ዝገቱ ከሥሩ ይቀጥላል፣ ቀጣዩ መርማሪ ደግሞ ምንም ማየት አይችልም። ይህ ሁለተኛው ሠራተኛ ያለዎት ነገር ነው።

ጥቂት ቆርቆሮ ብቻ የሚቀየር ከሆነ መርማሪው የሞገዱን ርቀት ከጀርባ እስከ ጀርባ በሚሊ ሜትር ይመዝግብልዎ። 76 ብዙ ቦታ የሚገኝ ልክ ነው፣ ግን አሮጌው ሌላ ሊሆን ይችላል። 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ከተለያየ መደራረቡ አይገጥምም፣ ሠራተኛው በምስማር ሊያስገድደው ይሞክራል፣ አፉ ይከፈታል።

አሸንዳው ቀላል ነው፦ በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘንብል፣ ከላይኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፋ የሚቀር ኩሬ አይኑር። የመውረጃ ቱቦው አፍ ስፋት በልማድ ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ 78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለእርስዎ 110 ካሬ ሜትር አንድ ብቻ ካለ አይበቃም።

———

ሶሌታ_ላይ፦

ወዳጄ፣ ሁለተኛው ምልክትህ ቆርቆሮው ከሶሌታው የሚገናኝበት ነው ብለሃል። እኔ ከዚያ ነበር የምጀምረው። በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ሁለት አካላት ናቸው፤ መሠረታቸውም ለየብቻ ነው፣ ሙቀት ሲለዋወጥም አንዱ እንደ እንጨትና ብረት ሌላው እንደ ኮንክሪት ይንቀሳቀሳል። መካከላቸውን በሲሚንቶ ለስኖ የዘጋ ሰው ካለ ልስኑ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ፀጉር ቢያህልም ውሃ ይበቃዋል።

ትክክለኛው አሠራር የመጋጠሚያ ቆርቆሮ ነው፦ ግድግዳው ውስጥ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል በተቆረጠ ጉድብ ውስጥ ገብቶ፣ ታጥፎ፣ ሞገዱን 15 ሳንቲ ሜትር የሚሸፍን። ጉድቡ የሚደፈነው በሚለጠጥ ማሸጊያ ነው። እዚህ ላይ ሲሊኮን ከሆነ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን አትጠቀም። አሲድ ስላለው ዚንኩን ይበላል፣ ከጊዜ በኋላ ከሥሩ ይለቃል። ለብረት የማይሸተው ዓይነት አለ። መርማሪው ግድግዳው ላይ ልስን ብቻ ካየ «ጉድብ የለም» ብሎ ይጻፍልህ፤ «ሲሊኮን ይጨመር» ካለ ግን ምክንያቱን አላገኘም።

ሶሌታው ላይ የሚታዩት፦

ቁልቁለቱ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ዝናብ ካቆመ 48 ሰዓት በኋላ የቀረ ኩሬ ካለ ዙሪያው በጠመኔ ተከብቦ ፎቶ ይነሣ። በደረቅ ቀን የሚመጣ መርማሪም ቢሆን ኩሬውን ከቆሻሻው ቀለበት ያውቀዋል።

መምብሬን (ውሃ እንዳያስገባ የሚነጠፍ ሽፋን) ካለው፣ መጋጠሚያው በእጅ ሲሳብ ይላቀቃል? አረፋ አለው? ፓራፔቱ ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል? የፓራፔቱ አናት ራሱ ተሸፍኗል? ይህኛው ሁልጊዜ ይረሳል፦ ውሃ በፓራፔቱ አናት ስንጥቅ ገብቶ ከመምብሬኑ በስተጀርባ ይወርዳል፣ ሰው ግን መምብሬኑን ሦስት ጊዜ ይቀይራል።

ከሶሌታው ሥር ደግሞ በመዶሻ መታ መታ ይደረግ። ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ጤና ነው። ባዶ የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ፌሮው ዝጎ ኮንክሪቱን ከራሱ ላይ እየገፋው ነው ማለት ነው፣ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ። ፌሮው በዓይን የሚታይ ከሆነ ውሃ መከላከል የሁለተኛ ሥራ ነው።

የውሃ ማቆር ፈተና ያድርግልህ ብለህ ታስብ ይሆናል፣ ማለትም መውረጃውን ዘግቶ ውሃ ሞልቶ 24 ሰዓት መጠበቅ። ፈተናው ጥሩ ነው፣ ግን ክብደቱን አስላ። 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ነው። 30 ካሬ ሜትርህ ላይ 1 ቶን ተኩል ይሆናል። ፌሮው የታየ ወይም የጎበጠ ሶሌታ ላይ አይሞከርም። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩልም ይበቃል።

———

ድሮን_በቂ_ነው፦

እኔ የምለው፣ አሁን ድሮን እያለ ሰው ለምን አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል? በ15 ደቂቃ ሁሉንም በፎቶ ያነሣል፣ በሙቀት ካሜራ ደግሞ እርጥቡን ያሳያል።

———

ካቻቢቴ፦

ድሮን የተሰበረ ሸክላ፣ የተነሣ ጠርዝ፣ የተሞላ አሸንዳ ያሳያል። ለገደላማ ጣሪያና ለሚሰበር ክዳን እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ነገር ግን ምስማር በጣት ነክቶ መላላቱን፣ መደራረቢያ ገልጦ ዝገቱን፣ ወራጅ ወግቶ መበስበሱን አያውቅም።

የሙቀት ካሜራ ውሃ አያይም፣ የገጽታ ሙቀት ልዩነት ነው የሚያየው። የሚያበራ ቆርቆሮ ላይ ከውጭ ሲያነጣጥሩት የሰማዩን ነጸብራቅ ያነብብና የሌለ ነገር ይሥላል። ጥሩ የሚሠራው ከውስጥ ኮርኒሱ ላይ፣ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ መምብሬን ያለው ሶሌታ ላይ ነው፤ እርጥቡ ቦታ ሙቀቱን ዘግይቶ ስለሚለቅ ይለያል። ያኔም በእርጥበት መለኪያ ካልተረጋገጠ ሥዕል ብቻ ነው።

———

አሮጌው_ቤት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተነገረኝ መሠረት የሳሎኑን ምልክት ቦታ ለክቼ ኮርኒስ መግቢያው ላይ ቆሜ በባትሪ አየሁ። ሦስት ነገር ግራ ገባኝ። አንደኛ፣ ምልክቱ ዝናብ ባልነበረበት ጠዋትም እርጥብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሁለተኛ፣ ከቆርቆሮው ወደ ውስጥ የወጡት የምስማር ጫፎች አንድ ሳይቀር ዝገዋል፣ ከምልክቱ የራቁትም ጭምር። ሦስተኛ፣ የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ ቱቦ ኮርኒሱ ውስጥ ያበቃል፣ ወደ ውጭ አልወጣም።

———

ካቻቢቴ፦

ሦስቱም አንድ ናቸው። የሳሎኑ ምልክት ቢያንስ በከፊል መፍሰስ ሳይሆን ላብ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ሆዱ (የታችኛው ገጹ) ላይ ጤዛ ሆኖ ይይዛል፣ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ይብሳል፣ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከአየሩ ራሱ በታች ስለሚቀዘቅዝ። ደመና ካለ ይቀንሳል።

ለማረጋገጥ፦ ደረቅና ጥርት ካለ ሌሊት በኋላ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሳትነካው በባትሪ ይዩ። ጠብታው በመላው ቆርቆሮ ሆድ እኩል ተበትኖ ከታየ ላብ ነው። አንድ መሥመር ሠርቶ ከአንድ ነጥብ የሚወርድ ከሆነ ቀዳዳ ነው። ዝገቱ ከላይ ሳይሆን ከሆዱ የሚብስ ከሆነም ያው ነው። የምስማር ጫፎቹ ሁሉ እኩል መዛገታቸውም ወደዚያው ይመራል።

መፍትሔው ቱቦውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያም አየር ከጠርዙ ገብቶ ከአናቱ እንዲወጣ ክፍተት መስጠት ነው። ይህ ሳይስተካከል ቆርቆሮው ቢቀየር አዲሱም ይላባል። አንደኛው ሠራተኛ እንዳለው ቢያደርጉ ኖሮ ሙሉ ክዳን ከፍለው ምልክቱ እዚያው ይቆይ ነበር።

ይህን ለመርማሪው ሲመጣ ይንገሩት፣ ግን ከመጨረሻ። መጀመሪያ ራሱ የሚያገኘውን ይዩ።

ቀሪው የግድግዳው ምልክት ነው። ለእሱ የውሃ ጎማ ፈተና ይጠይቁ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ላይ ጎማ ይዞ፣ አንዱ ኮርኒስ ውስጥ ባትሪ ይዞ። ጣሪያው ደርቆ መሆን አለበት። ከታች ይጀመራል፣ አንድ ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውሃው በዝግታ ይለቀቃል፣ ካልገባ 1 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይኬዳል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም መጋጠሚያ ስለሚያልፍ በየትኛው እንደገባ አይታወቅም። ጎማው አፉ ተጨምቆ ወደ ላይ እየተረጨ ከሆነ ደግሞ በደህና መደራረቢያም ያስገባል፤ ዝናብ ከታች ወደ ላይ አይዘንብም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ምርመራው በደረቅ ቀን ይሁን፣ ከዝናብ ወቅት በፊት ለመጠገኛ ጊዜ እንዲተርፍ። ዝናብ ሲዘንብ እርስዎ ራስዎ ኮርኒስ መግቢያው ላይ ቆመው ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ መንጠባጠቡ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደጀመረ ይጻፉ። ወዲያው የሚጀምር ቀዳዳ ነው። ዝናቡ ከጀመረ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሚጀምር አሸንዳ ሞልቶ ወደ ኋላ የሚመለስ ወይም ግድግዳ ጠጥቶ የሚለቅ ውሃ ነው። ነፋስ ባለበት ብቻ ከሆነ መደራረቢያ ወይም የግድግዳ መጋጠሚያ።

———

ጥንቃቄ_ይቅደም፦

አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜው 40 ዓመት በሆነ ቤት የአንዱ ክፍል ክዳን፣ የአሸንዳ ቁራጭ ወይም የጭስ ማውጫ ቱቦ ከግራጫ የሲሚንቶ አንሶላ የተሠራ ከሆነ፣ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል። ናሙናው የሚወሰደው ቦታው በውሃ ረጥቦ፣ ጣት የሚያህል ቁራጭ ብቻ ተነሥቶ በድርብ ላስቲክ ታሽጎ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ መብሳት፣ መቦረሽ፣ በግፊት ውሃ ማጠብ፣ በደረቁ መጥረግ ክልክል ነው። ያልተሰበረና የማይፈረፈር ከሆነ ሳይነካ መተው የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዕድሜ ጋር ስለሚሰባበርም ሰው አይሸከምም፤ መርማሪው በላዩ ልራመድ ካለ አስቁመው።

———

ማገርና_ወራጅ፦

ወረቀቱን ማንም አልመለሰለትም መሰለኝ።

ሪፖርቱ ላይ ቀኑ፣ ባለፉት 3 ቀናት ዝናብ መኖር አለመኖሩ፣ የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች ይጻፉ። የጣሪያው ንድፍ ከላይ ሲታይ ይሣል፣ ሰሜን ምልክት ያለው፣ እያንዳንዱ ፎቶ ቁጥሩ ንድፉ ላይ የተቀመጠለት። ያለ ቦታ የተነሣ የዝገት ፎቶ የማንም ጣሪያ ፎቶ ነው። ለእያንዳንዱ ጉድለት ቦታው፣ መጠኑ በካሬ ሜትር ወይም በቁጥር ወይም በሜትር፣ ምክንያቱ፣ የሚደረገው፣ እስከ መቼ መደረግ እንዳለበት። ከሁሉ ይልቅ «ምክንያቱ» የሚለውን አንብብ። ባዶ ከሆነ ወይም «እርጅና» ብቻ ከሆነ መልሰህ ስጠው።

ያልታዩት ቦታዎችም ተዘርዝረው ይጻፉ፣ ለምን እንዳልታዩ ጭምር። «ከሶሌታው አጠገብ ያለው 1.5 ሜትር የኮርኒስ ውስጥ ጠባብ ስለሆነ አልተገባም» የሚል መርማሪ ሁሉን አየሁ ከሚለው ይታመናል። በአንተ ቤት ደግሞ ምልክቱ ያለው እዚያው ስለሆነ አንድ ችፑድ ተነሥቶ ይታይ ብለህ ከውሉ ላይ አስገባ፤ ችፑዱ ውሃ ነክቶት ስለሆነ ለማንኛውም መቀየሩ አይቀርም።

መጠኑ በቁጥር የተጻፈበት ሪፖርት ሌላም ጥቅም አለው። ለሦስት የጣሪያ ሠራተኞች ያንኑ ወረቀት ትሰጣለህ፣ ሦስቱም ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ ያወጣሉ። ያለበለዚያ አንዱ ለ20 ምስማር፣ ሌላው ለሙሉ ክዳን ዋጋ ሰጥቶህ ምኑን ከምኑ ታወዳድራለህ።

መርማሪው ጥገናውን ራሱ የሚሠራ ባይሆን ይመረጣል። ሌላ ሰው ካልተገኘ ግን የምርመራውን ክፍያ ለብቻ ክፈል፣ «ሥራውን ከሰጠኸኝ ምርመራው በነጻ» የሚለውን አትቀበል። ከመዋዋልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ኮርኒስ ውስጥ ትገባለህ ወይ? መደራረቢያ ፈትተህ ታያለህ ወይ? እርጥበት በምን ትለካለህ? ለሦስቱም ወዲያው የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ይጠገን ወይስ ይቀየር ለሚለው የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ዝገቱ መደራረቢያና ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነና ማገሩ ምስማር የሚይዝ ከሆነ ብሎን መቀየርና ጥቂት ቆርቆሮ መተካት ያዋጣል። ማገሩ ከአንድ በላይ ረድፍ ላይ ብሎን ካልያዘ ቆርቆሮው ለማንኛውም መነሣቱ ስለማይቀር የተነሣውን አሮጌ መልሶ መምታት ከንቱ ድካም ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ አዲሱ ማገር ላይ አይገጥምም። በአሮጌው ላይ አዲስ ቆርቆሮ መደረብ ግን በምንም ሚዛን አልመክርም፣ መካከላቸው ላብ ይይዝና አዲሱን ከሆዱ ይጀምረዋል።

ቆርቆሮውን ወደ ሸክላ ልቀይር የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሸክላ ከ40 እስከ 50። በ110 ካሬ ሜትር ላይ ከ4 እስከ 5 ቶን ጭማሪ ነው። ለዚያ ወራጆቹን መሐንዲስ ያስላ።

———

አሮጌው_ቤት፦

ቱቦውን በዚህ ሳምንት ወደ ውጭ አስወጣለሁ፣ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይሁን ወይስ በፊት?

———

ካቻቢቴ፦

ቱቦውን አሁኑኑ ያውጡት፣ ምርመራውን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያቆዩት። እንጨቱ በላብ የያዘው እርጥበት በዚያ ጊዜ ይቀንሳል፤ መርማሪው ሲለካ አሁንም ከ20 በመቶ በላይ የሚያነብብ ቦታ ካገኘ ያ ውሃ ከላይ የመጣ ሊሆን ይችላል። የምስማር ጫፎቹን ግን አሁን ፎቶ ያንሷቸው፣ ቱቦው ሳይወጣ ምን ይመስሉ እንደነበር እንዲያይ።